ወንዙ በባጀት መዝገብ ላይ የት አለ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የወንዝና የረግረግ ጥበቃ ነው። በዚህ ርእስ ላይ ብዙ ተነግሯል። ውሃ ሕይወት መሆኑን፥ ደን ልብሳችን መሆኑን ያልሰማ በመካከላችን የለም። በየዓመቱ ቀን ይቈረጣል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ችግኝ ይተከላል፤ ከዚያም ሁሉ ወደየቤቱ ይመለሳል። እኛ ግን ምስጋናውንም ለቅሶውንም ለጊዜው እንተውና አንድ ደረቅ ጥያቄ እንጠይቅ። ይኸውም፥ በዚህ በቡና አገር የተበላሸን ወንዝ ለማዳን፥ የደረቀን ረግረግ ለመመለስ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በየዓመቱስ ይመጣል ወይ? የሚል ነው።

ይህ የሒሳብ ሹም ጥያቄ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር በእውነት የታሰበበት መሆኑ የሚታወቀው በባጀት መዝገብ ላይ ሲገኝ ነው። አስተማሪ በመዝገቡ ላይ አለ፤ ስለዚህ ደመወዙ በወሩ ይመጣል። መንገድ በመዝገቡ ላይ አለ፤ ስለዚህ ቢዘገይም ይሠራል። ወንዝና ረግረግ ግን በግብርናው፥ በውሃውና በአካባቢ ጥበቃው ጽሕፈት ቤቶች መካከል ተበትነው ሁሉም የሚያነሣቸው፥ ማንም የማይከፍልላቸው ሆነው ይገኛሉ።

እስቲ በመጀመሪያ የቆምንበትን አገር እንመልከት። ከሚዛን ተፈሪ አካባቢ ከፍታዎች የሚነሣው ጊሎ ወደ ምዕራብ ወርዶ የጋምቤላን ሜዳ አቋርጦ ፒቦር ይገባል። አኮቦም ከዚሁ ደጋ ተነሥቶ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን ወሰን ሆኖ ይፈሳል። የሸካና የኢሉባቦር ደኖች ውሃ ባሮን ያሳድጋል። ባሮና ፒቦር ሲገናኙ ሶባት ይባላሉ፤ ሶባትም ማላካል አጠገብ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ነጭ ዓባይ በሱድ ረግረግ ውስጥ ብዙውን ውሃውን ለፀሐይ ከሰጠ በኋላ ማላካልን ሲያልፍ፥ ከያዘው ውሃ ግማሽ የሚሆነውን ያመጣለት ይህ ሶባት ነው። በምሥራቁም በኩል ጎጀብ ከከፋ ተራሮች ወርዶ ኦሞን ያበዛል። እንግዲህ በሚዛንና በቴፒ ዳገት ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ምንጭ የሩቅ አገር ዘመድ አላት ማለት ነው።

የዓለም የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮም ይህን አገር ያውቀዋል። የከፋን ደን በ2002 ዓ.ም.፥ የሸካን ደን በ2004 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። የሸካ ሽማግሌዎች ደግሞ ዩኔስኮ ከመወለዱ በፊት አንዳንድ ምንጮችንና ረግረጎችን ዛፍ እንዳይቈረጥባቸው፥ እርሻ እንዳይገባባቸው በባህላዊ ሥርዐት ከልለው ጠብቀዋል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ችግር ዝናቡ ራሱ ነው። ዝናብ በብዛት የሚወርድበት አገር ስለ ውሃ አይጨነቅም። በወሎ ወይም በሐረርጌ ምንጭ ሲደርቅ መንደሩ ሁሉ ይነሣል። በእኛ አገር ግን ምንጭ ሲደርቅ ሰው ሌላ ምንጭ ይፈልጋል፤ ወንዝ ሲቈሽሽ የክረምት ጎርፍ ያጥበዋል እየተባለ ይታለፋል። ዝናቡ ቁስሉን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ሁለተኛው ችግር ቡናችን ነው። ይህን ስንል ቡናን ለመወንጀል አይደለም፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ የተማሩት በቡና ገንዘብ ነው። ቡናችን በሁለት መንገድ ይዘጋጃል። አንደኛው በአልጋ ላይ ደርቆ ጀንፈል የሚሆነው ነው። ሁለተኛው በእሸትነቱ ተፈልፍሎ በውሃ የሚታጠበው ነው። የታጠበው ቡና የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ስለዚህ የማጠቢያ ጣቢያዎች ውሃ ፍለጋ በየወንዙ ዳር ተሠርተዋል። ከ100 ኪሎ ቀይ እሸት ቡና የሚወጣው ንጹሕ ፍሬ 20 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ቀሪው ገለፈት፥ ዝልግልግና ውሃ ነው። ይህ ትርፍ በጉድጓድ ካልተያዘ የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው፤ እርሱም ቁልቁለቱ ነው።

የቡና ዕጣቢ ስኳርና አሲድ የበዛበት ነው። ወደ ወንዝ ሲገባ ረቂቃን ሕዋሳት ይመገቡታል፤ ሲመገቡም በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። ከዚያ በኋላ ዓሣው ይሞታል፤ በድንጋይ ሥር የሚኖሩት ትንንሽ የውሃ ነፍሳት ይጠፋሉ፤ ውሃው ይጠቁራል፥ ይሸታል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጅማ ዙሪያ ባሉ ወንዞች ከማጠቢያ ጣቢያዎች በላይና በታች ያለውን ውሃ እያነጻጸሩ ይህንኑ አይተዋል። የበለጠ የሚያሳዝነው ደግሞ ጊዜው ነው። የማጠቢያው ሥራ የሚበረታው ክረምቱ አልፎ ወንዙ መቀነስ ሲጀምር ነው። ዕጣቢው ሲበዛ ውሃው ያንሳል። ከጣቢያው በታች ያለችው እናት በእንስራዋ የምትቀዳው ይህንን ነው።

ሦስተኛው ችግር የረግረጉ ነው። ረግረግ ለብዙዎቻችን የወባ ቤት፥ የማይረባ መሬት ሆኖ ይታየናል። እንዲያው ግን ብናስተውለው ረግረግ ማለት የክረምቱን ውሃ እንደ ስፖንጅ መጥጦ በበጋ ቀስ እያለ የሚለቅ ጎተራ ነው። በዳርቻው ምንጭ ይፈልቃል፤ በመካከሉ ለቤት ክዳን የሚሆነው የጨፌ ሣር ይበቅላል፤ ቡና ሲፈላ የምንጐዘጉዘው ቄጠማ የሚመጣውም ከዚያው ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም በላይ የሚያስተምረን ጎረቤታችን ኢሉባቦር ነው። በዚያ ገበሬዎች ረግረጉን በቦይ እያጠፈፉ በቈሎ መዝራት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ምክንያታቸውም ረኀብ ነው፤ የረግረግ በቈሎ የሚደርሰው የደጋው ጎተራ ባዶ በሚሆንበት ወቅት ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከሰሜን ያነሣቸውን ብዙ ቤተሰቦች በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር የመሬቱ ጥያቄ በረታ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ራሳቸው ረግረጉ ተጠፍፎ እንዲታረስ ገፋፍተዋል። እንግዲህ ረግረጉን ያረሰውን ገበሬ ከመውቀሳችን በፊት ለምን እንዳረሰው መጠየቅ ይገባናል።

የኢሉባቦር ገበሬዎች ግን ሌላም ነገር ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2000 በዚያ የረግረግ ጥናት ሲካሄድ አጥኚዎቹ ያገኙት እውቀት ከገበሬው የመነጨ ነበር። በረግረጉ ራስና በመውጫው ላይ ጨፌው ሳይታረስ ይተዋል። በቈሎው ከተሰበሰበ በኋላ ቦዩ ይደፈናል፤ ውሃውም ተመልሶ ይተኛል። ከብት አይገባበትም፤ አፈሩን ይረግጠዋልና። ቦይ የሚጠረግበትንና የሚደፈንበትን ቀን የሚወስን፥ ሰውን በደቦ የሚጠራ፥ «አባ ለጋ» የሚባል መሪ በመካከላቸው ይመርጣሉ። ይህ ሥርዐት የጸናበት ረግረግ ከብዙ ዓመት እርሻ በኋላም ውሃውን ይዟል፤ ሥርዐቱ የፈረሰበት ደግሞ ደርቆ የከብት ሜዳ ወይም የባሕር ዛፍ ቦታ ሆኗል።

ይህን ሁሉ የምናወራው ለአንድ ነጥብ ነው። እውቀቱ አለ። ጉልበቱም አለ፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየበጋው በነፃ ጉልበት ዘመቻ ገበሬው ወጥቶ እርከን ሲሠራ፥ ችግኝ ሲተክል እያየን ነው። የጎደለው ትንሽ፥ ግን የማያቋርጥ ጥሬ ገንዘብ ነው። የነፃ ጉልበት ዘመቻ እርከን ይሠራል፤ ሲሚንቶ ግን አይገዛም። ችግኝ ይተክላል፤ ችግኙን ለሦስት ዓመት የሚጠብቅ ዘበኛ ግን አይቀጥርም። ጉድጓድ ይቈፍራል፤ ጣቢያዎቹ በሌሊት ዕጣቢያቸውን እንዳይለቁ ለሚቈጣጠረው ባለሙያ የሞተር ብስክሌት ቤንዚን ግን አይሞላም። ዘመቻ የአንድ ወር ነው፤ ወንዝ ግን ዐሥራ ሁለት ወር ይፈሳል።

ታዲያ ይህ ጥሬ ገንዘብ እስከ ዛሬ ከየት ሲመጣ ነበር? በሦስት በሮች ነው፤ ሦስቱንም በየተራ እንፈትሻቸው።

አንደኛው በር የወረዳው ባጀት ነው። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ክልሎች ለወረዳዎች ጥቅል ባጀት እየሰጡ ወረዳው በምክር ቤቱ እንዲደለድለው ተደርጓል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የወረዳ ባጀት አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። አስተማሪው፥ ነርሷና የግብርና ሠራተኛው ከተከፈሉ በኋላ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሠራተኛው በወንበሩ ላይ አለ፤ ወደ ወንዙ የሚሄድበት ግን የለውም።

ሁለተኛው በር የአገር አቀፍ ፕሮግራም ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በብዙ ወረዳዎች ሰውን በሥራ እየመገበ ብዙ ተራራ አልብሷል። ነገር ግን የታሰበው ምግብ በየዓመቱ ለሚያጥራቸው ወረዳዎች ስለሆነ፥ ዝናብ ያልተቸገሩት የቡና ወረዳዎች በአብዛኛው ከመዝገቡ ውጭ ናቸው። በዚህ አንከራከርም፤ የተራበ ይቀድማል። ዳሩ ግን አንድ መሬት እስኪራቈት ድረስ ሳንቲም የማይሰጠው ከሆነ፥ ያልተራቈተውን የሚጠብቅለት ማን ነው? የታመመን ማከም ተገቢ ነው፤ ጤነኛውን እስኪታመም ቆሞ መጠበቅ ግን ሕክምና አይባልም።

ሦስተኛው በር የውጭ ፕሮጀክት ነው። በከፋ የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በጀርመን መንግሥት ገንዘብ ጭምር ደንና ረግረግ ለመጠበቅ ሠርቷል። በኢሉባቦርም የውጭ እርዳታ ለረግረግ ጥናትና ጥበቃ ውሏል። ለእነዚህ ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ፕሮጀክት የሚጀመርበትም የሚያልቅበትም ቀን አለው። ቀኑ ሲደርስ መኪናው ይሄዳል፤ ኮሚቴው ይበተናል፤ ሰሌዳው ብቻ ዝጎ ይቀራል። እንግዳ ምሳ ያበላን ይሆናል፤ የዘወትር እንጀራችንን ግን በእንግዳ ላይ መጣል አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ወንዞች ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ለማልማት የ56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ፕሮጀክት ታወጀ፤ ወጪውም 29 ቢሊዮን ብር ተብሎ ተገመተ። ለዚሁ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ግንቦት 11 ቀን በተደረገው «ገበታ ለሸገር» አንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ነበር። በተከታዩ ዓመት በተጀመረው «ገበታ ለሀገር» ደግሞ ወንበሩ 10 ሚሊዮን ሆነ፤ ከፍሬውም የኮይሻው ሥራ ለክልላችን ደርሶታል። ይህን የምናነሣው በቅናት አይደለም። የአዲስ አበባ ወንዝ መጽዳቱ ደስ ይለናል። የምንማረው ነገር ግን አለ፤ መንግሥትና ባለ ጠጋ ወንዝን ቁም ነገር ካሉት ገንዘብ አይጠፋም። በየገጠሩ ላለው ወንዝ ግን የ5 ሚሊዮን ብር ገበታ ሊዘረጋለት አይችልም፤ አያስፈልገውምም። ለእርሱ የሚበቃው በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚመጣ አነስተኛ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው እንግባ። ሕጉ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 50 ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። በአንቀጽ 52 ክልሎች የፌዴራሉን ሕግ ተከትለው መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን እንዲያስተዳድሩ፥ በአንቀጽ 97 ደግሞ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን፥ የገበሬን ግብርና የደን ሀብት መጠቀሚያ ክፍያን እንዲሰበስቡ ሥልጣን ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ የሆነ ሰው ያቈሸሸውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። እንግዲህ ሕግ አላነሰንም።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የተመሠረተው በ2014 ዓ.ም. ነው። መቀመጫውን ለቦንጋ፥ ለተርጫ፥ ለሚዛን አማንና ለቴፒ ያካፈለ ወጣት ክልል ነው። ወጣት መሆኑ ጥቅም አለው፤ የአሠራሩ ልማድ ገና አልደረቀምና የምናቀርበው አሳብ ቦታ ያገኛል ብለን እናምናለን። አሳባችንም ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ወረዳና ከተማ በባጀት መዝገቡ ላይ «የወንዝና የረግረግ ጥበቃ» የሚል፥ ለሌላ ሥራ የማይዛወር አንድ መስመር ይክፈት። ወረዳ በራሱ ሥልጣን ግብር መጣል ስለማይችል ይህን በደንብ የሚያጸናው የክልሉ ምክር ቤት ይሆናል። ገንዘቡም ከሦስት ምንጭ ይምጣ።

የመጀመሪያው ምንጭ ከሚታጠበው ቡና ላይ የሚነሣ ሳንቲም ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ጣቢያ በአንድ የምርት ወቅት 300 ሺህ ኪሎ እሸት ቢያጥብ፥ በኪሎም 10 ሳንቲም ቢያስቀምጥ 30 ሺህ ብር ይሆናል። በአንድ ወረዳ እንዲህ ያሉ 20 ጣቢያዎች ቢኖሩ 600 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ አገር አያቀናም። ዘበኛ ይቀጥራል፤ የዕጣቢ ማቆያ ጉድጓድ ያስቈፍራል፤ በጉድጓዱ ዳር ዕጣቢውን የሚያጣራ ቬቲቨር ሣር ያስተክላል፤ ለባለሙያውም ቤንዚን ይሞላል። ውሃ ቆጣቢ ማሽን ለሚያስገባ ጣቢያ ደግሞ ክፍያው ይቀነስለት፤ የድሮው መፈልፈያ ለአንድ ኪሎ እሸት ብዙ ሊትር ሲጨርስ አዲሱ ዓይነት በአንድ ሊትር አካባቢ ይሠራልና። ገለፈቱም ቢሆን ቢብላላ ለዚያው ለቡናው ተክል ማዳበሪያ ይሆናል።

ሁለተኛው ምንጭ የከተማ ውሃ ሒሳብ ነው። በዚህ ረገድ የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ ታስተምረናለች። ኪቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የውሃ ፈንድ አቋቋመች። የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ከውሃ ሽያጩ መጀመሪያ 1፥ በኋላም 2 በመቶ ለዚህ ፈንድ ያስገባል፤ ገንዘቡም ውሃው በሚመነጭበት ተራራ ላይ ላለው ሣርና ረግረግ ጥበቃ ይውላል። ኪቶ ሀብታም ከተማ አይደለችም፤ ቧንቧው ከምንጩ እንደሚጀምር ግን ተረድታለች። የሚዛን አማንና የቴፒ ነዋሪ በወር ሒሳቡ ላይ ጥቂት ሳንቲም ቢጨምር፥ ከላይ ያለው ገበሬ የምንጩን ራስ ሳያርስ ስለተወለት የሚከፍለው ዋጋ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ መቀጮ ነው። ወንዝ ያበላሸ የሚከፍለው መቀጮ ወደ ጠቅላላው ካዝና ገብቶ ከሚጠፋ፥ ለተበላሸው ወንዝ ይዋል። ከጣቢያው በታች ያለው ሰው ክፍያው ወደ ወንዙ ሲመለስ በዓይኑ ካየ፥ ሌሊት የሚለቀቀውን ዕጣቢ ለመጠቆም አይሰንፍም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። አንዳንዱ «የጣቢያው ባለቤት ክፍያውን ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀንሰዋል» ይላል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአንድ ኪሎ እሸት ዋጋ በብዙ ብር በሚቈጠርበት ዘመን 10 ሳንቲም ዋጋ አያናጋም፤ ገበሬው አሁንም ቢሆን በታመመ ልጅና በሞተ ከብት እየከፈለ ነው፤ ደረሰኝ ስለሌለው ብቻ አይታወቅም።

ሌላው «ገንዘቡ ይበላል» ይላል። ይህን ፍርሃት እንጋራለን። መድኃኒቱ ግን ገንዘቡን አለመሰብሰብ ሳይሆን ሒሳቡን በአደባባይ ማንበብ ነው። ዕድራችን ለምን ይጸናል? ሒሳቡ በአባላቱ ፊት ስለሚነበብ ነው። የወንዙም ሒሳብ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀበሌ ስብሰባ ይነበብ፤ ለየትኛው ወንዝ፥ ለየትኛው ረግረግ፥ ስንት ብር፥ ለምን እንደወጣ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ክልሉም ተጨማሪ የሚሰጠው ለተሠራው ውጤት ይሁን። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በዓለም ባንክ ድጋፍ በተፋሰስ ሥራ ላይ የታየው ውጤት እየታየ ገንዘብ የሚለቀቅበት መንገድ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የጠነከረው ነው። «ክፍል የሌለው ትምህርት ቤት፥ መድኃኒት የሌለው ጤና ጣቢያ እያለ ለረግረግ እንዴት ገንዘብ ይወጣል?» የሚል ነው። ለዚህ መልሳችን አጭር ነው። ጤና ጣቢያው ከሚያክማቸው ሕፃናት ስንቶቹ የታመሙት በውሃ ነው? ትምህርት ቤት የቀረችው ልጅ ስንት ሰዓት ውሃ ስትቀዳ ዋለች? ለምንጭ የሚወጣ ገንዘብ ለጤናውና ለትምህርቱ ጭምር የወጣ ነው። በዚህም ላይ ያሰብነው ገንዘብ ከአስተማሪው ደመወዝ አይነሣም፤ ውሃውን ከሚጠቀመው የሚነሣ አዲስ ገንዘብ ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እንላለን። ረግረጉን ለረኀቡ ዘመን ያረሰውን ድኻ ገበሬ በፖሊስ ማስለቀቅ ጥበቃ አይባልም። ከሚሰበሰበው ገንዘብ የመጀመሪያው ድርሻ ለእርሱ ይሁን። የረግረጉን ራስና መውጫ ለጨፌ ቢተው፥ ቦዩን በጊዜው ቢደፍን፥ ባሕር ዛፉን ነቅሎ ሾላና ዋንዛ ቢተካ ይከፈለው። ያን ጊዜ ከወረዳው ዘበኛ የተሻለ ዘበኛ ይሆናል።

ከእኛ ከተማሪዎች ምን ይጠበቃል? በበጋ ዕረፍት ወደየቀበሌያችን ስንመለስ አንድ አንድ ወንዝ እንውሰድ። ከማጠቢያው በላይና በታች ድንጋይ ገልብጠን በሥሩ ያሉትን የውሃ ነፍሳት እንቍጠር፤ በንጹሕ ውሃ ብዙ ዓይነት ይገኛል፥ በቈሸሸው ግን ጥቂቱ ብቻ ይቀራል። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ነጭ ሳሕን፥ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃል። የቈጠርነውን ጽፈን ለወረዳው ምክር ቤት እናቅርብ። ምክር ቤቱ ባጀት ሲያጸድቅም በጓሮ ወንበር ተቀምጠን እናዳምጥ፤ የወንዙ መስመር ሲዘለል «የት ሄደ?» ብለን እንጠይቅ። ሽማግሌዎቻችንን ደግሞ የትኛው ምንጭ ድሮ እንደነበረ፥ የትኛው ረግረግ መቼ እንደደረቀ እንጠይቃቸውና እንመዝግብ፤ ይህን የሚያውቁት እያለፉ ነውና።

ወንድሞችና እኅቶች፤

የአባቶቻችን ትውልድ ምንጩን በሥርዐትና በፍርሃት ጠበቀልን። የእኛ ትውልድ ያን ፍርሃት ጥሎታል፤ በቦታው ያቆመው ሕግና ባጀት ግን ገና የለም። በሁለቱ መካከል ወንዙ ባለቤት አጥቷል። ችግኝ መትከላችንን አንተው፤ ዘመቻም እንውጣ። ከዘመቻው በኋላ ግን ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት እንሂድና መዝገቡን እንየው። መንገዱ፥ ትምህርት ቤቱ፥ ጤና ጣቢያው የራሳቸው መስመር አላቸው። የሁላችንም እንስራ የሚሞላበት ወንዝም የራሱን መስመር፥ በመስመሩም ላይ የራሱን ብር ያግኝ። ዘንድሮ ትንሽ ቢሆን ግድ የለም፤ በየዓመቱ ይምጣ።